ጉልበት ሠሪና ጉልበት ሰባሪ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣

ሚስቴ ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ሰላም ብላሻለች። የእኔን ሰላምታ አትጠብቂ።

ለጠየቅሽው መልሱ «አልልክም» ነው። ሞረዶቹም፣ የውፍረት መለኪያው ካሊፐርም፣ እጀታዋ በጨርቅ የተጠቀለለችው ትንሿ መዶሻም እዚሁ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉ ይኖራሉ። ዘጠኝ ዓመት የእኔን ብረት ሲሞርድ የኖረ ሞረድ ያንቺ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም። ወንድሜ ሲሞት ዘመድ ሁሉ «ይቺን ልጅ ምን እናድርጋት?» እያለ እርስ በርሱ ሲተያይ «እኔ ሥራዬን አስተምራታለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሠራሽ እግር እንዴት እንደሚሠራ ማን አሳየሽ? ቀሪው ጭን የሚገባበት ማቀፊያ ቆዳ እንዳይልጥ በመዳፍ እየዳሰሱ ማለስለስን ማን አስተማረሽ? ከተማ ቀይረሽ በርሽ ላይ ስምሽን ብትለጥፊም እጅሽ የእኔ እጅ ነው።

ዐውደ ርዕዩ ላይ ጉልበትሽን አይቼዋለሁ። ሰዉ ተሰብስቦ «በራሱ የሚቆለፍ ጉልበት! የወጣቷ ፈጠራ!» እያለ ያጨበጭባል። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። መቆለፊያው የእኔ ነው። ሰማያዊ ቀለም ስለቀባሽው የማላውቀው መሰለሽ?

አሥራ ስምንት ዓመት የደከምኩበትን በአንድ ሻንጣ ይዘሽ ወጣሽ። አሁን እጅሽ ላይ የቀረው የወርክሾፑ ቁልፍ ነው፤ እሱን መልሺ።

አጎትሽ


ጥቅምት 21

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎት? እትዬን በእኔ ስም ደህና አድርገው ይሳሙልኝ።

ቁልፉን በፖስታው ውስጥ ያገኙታል። ምንም አይከፍትም። እኔ በወጣሁ ማግስት የበሩን ጓጉንቸር እንዳስቀየሩ እትዬ ነግራኛለች። ደስ ይበልዎት ብዬ ግን ልኬዋለሁ።

መቆለፊያውን በሚመለከት፣ የእርስዎ መቆለፊያ ገመድ አለው። ሰውየው መቀመጥ ሲፈልግ እጁን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ ገመድ መሳብ አለበት። ለቅሶ ቤት፣ ቢሮ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሰው ፊት ሱሪውን እየጎተተ ነው የሚቀመጠው። የእኔ ገመድ የለውም። ሲረግጡት በክብደት ይጸናል፣ ሲያነሡት ይለቅና ይታጠፋል። ይህን ሥዕል ሦስት ጊዜ አሳይቼዎታለሁ። መጀመሪያ «ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ሁለተኛው ጊዜ የሻይ ብርጭቆዎን አስቀመጡበት፤ ክቡ እድፍ እስካሁን ወረቀቱ ላይ አለ። በሦስተኛው ጊዜ አልሰሙኝም፤ ከአንድ ሰው ጋር ስለ እኔ ጉብዝና እያወሩ ነበር።

እግረ መንገዴን ልንገርዎትና፣ የጂኦግራፊ መምህሩ አሁን የእኔ ደንበኛ ነው። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ያውቃሉ። እርስዎ በሠሩለት እግር ደረጃ ሲወርድ በጎን ነበር፣ አንድ በአንድ፣ ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ይዞ። ተማሪዎቹ ያወጡለትን ስም አልጽፍልዎትም። አሁን ፊት ለፊት ይወርዳል። ሌሎቹም ይመጣሉ። አንድም ሰው አላስቀርልዎትም።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ ልጅ፣

መምህሩ ሄደብኝ ብዬ ደረቴን የምመታ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ይሂድ። ተመልሶ የሚመጣበትን ነገር ሠርቻለሁ።

ያንቺ ጉልበት ወይ ይቆለፋል ወይ ይለቃል። መሃል የለውም። የሰው ጉልበት ግን መሃል አለው፤ ሰው ሲቸኩል ይፈጥናል፣ ሲደክመው ይለግማል። ይህን ለማወቅ ዐውደ ርዕይ አያስፈልግም፤ በር ላይ ወንበር አውጥቶ የአላፊ አግዳሚውን እግር ማየት ይበቃል። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ሁሉ ጡረታ የወጣሁ መስሎት «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለኝ። ከዚያ የአንድ ሞተር ሳይክል ሾክ አብዞርበር ፈታሁ። በውስጡ ያለው ዘይት በቀጭን ቀዳዳ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ያለዝበዋል። ያንን አሳንሼ ጉልበት ውስጥ ከተትኩት። ሰውየው ሲራመድ እግሩ አይወረወርም፤ ይመጣል። የመጀመሪያው ደንበኛ አድርጎት ሲቆም ወርክሾፑን ሁለት ጊዜ ዞረና ሚስቱን «ዝም ብለሽ ተከተይኝ» አላት። ወጥተው ሄዱ። ያንቺ መቆለፊያ እንዲህ ያለ ነገር አስደርጎ ያውቃል?

ሌላው፣ ጉልበትሽን አስገዝቼ ፈታሁት የሚል ወሬ ብትሰሚ ውሸት ነው። ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ የለኝም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 16

ለተከበሩ አጎቴ፣

ገዝተው ፈትተውታል ብዬ አልጠየቅኩዎትም ነበር።

አሁን ግን ልጠይቅ። ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ ወርክሾፔ መጥቶ «ለወንድሜ ጉልበት ፈልጌ ነበር» አለኝ። «ወንድምዎ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «የትኛው እግሩ ነው የተቆረጠው?» ስለው ትንሽ አሰበና «ሁለቱም» አለ። አንድ ጉልበት ይዞ ሄደ። ሲፈርም ስልክ ቁጥር ይጻፉ ስለው የጻፈው የእርስዎን ነው። ከእንግዲህ ሲልኩ እንኳን የሚያነክስ ሰው ይላኩ።

ስለ ዘይቱ ሰምቻለሁ። አላደንቅዎትም። ያየ ሰው ሲነግረኝ ደሜ ፈላ፤ በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፕ ገብቼ የነበረውን ብረት ሁሉ በአሉሚኒየም መቀየር ጀመርኩ። ግማሽ ኪሎ ቀንሻለሁ። እርስዎ ባይሠሩት እኔ እዚያው ተኝቼ እቀር ነበር፤ ይህን ምስጋና አድርገው እንዳይወስዱት።

አንድ ነገር ብቻ። ፈትተውታልና ምን አዩ? ማሞገስ እንደማይሆንልዎት አውቃለሁ፤ ነቀፌታውን ይላኩልኝ። ሠላሳ አንድ ሰው በእኔ ጉልበት ላይ ቆሟል። እዚህ የከበቡኝ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ከ«ጎበዝ» በቀር የሚሉኝ የላቸውም።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 4

ለወንድሜ ልጅ፣

ምንም አላየሁም። የሚጻፍ ነገር ያለው ሥራ አይደለም።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሚስቴ ብርድ ልብስ ቀይሪ ብላሻለች። ያንቺን ደብዳቤ ስታነብ ስቃለች፣ እኔ አልሳቅኩም። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

አጎትሽ


ጥር 23

ለአጎቴ፣

መምህሩ ወድቋል።

ማክሰኞ፣ የእረፍት ደወል እንደተደወለ፣ ከክፍሉ ሲወርድ ነው። ዳሌው ተሰብሯል፣ የግራ ክንዱም እንዲሁ። ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ቀድደውታል። ደውለው የነገሩኝ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፤ «እግሩ ወለቀ» አሉኝ። አልወለቀም። ሄጄ ከደረጃው ሥር አንሥቼዋለሁ። ጉልበቱን ከታፋው ጋር የሚያያይዘው ፒን ለሁለት ተቆርጧል። ስብራቱን በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ግማሹ ጥቁር ነው፣ ግማሹ ያብረቀርቃል። የሚያብረቀርቀው የማክሰኞው ነው። ጥቁሩ ቀደም ብሎ የተሰነጠቀው ነው። ስንጥቁ እዚያ እያለ ሰውየው በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ነበር፣ እኔም በየወሩ ቀለሙን ስወለውልለት።

ሠላሳውንም ሰው ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጉልበቱን ሰብስቤያለሁ። አንዷ ሴትዮ በሯን ከፍታ «ልትወስጂብኝ ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። አሁን ሁሉም በክራንች ናቸው፤ እቤት የዋሉም አሉ።

የምጽፍልዎት ለዚህ ነው። የእርስዎን ጉልበት ይሥሩላቸው። ልካቸውን ሁሉ አያይዤ ልኬያለሁ፣ የአንዳንዶቹን የቆዳ ሁኔታም ጨምሬ። ስለ እኔ ብለው ሳይሆን ስለ እነሱ ብለው። ወርክሾፑን ዘግቻለሁ። ማሽኖቹን የሚገዛኝ ሰው እፈልጋለሁ።

አንድም ሰው አላስቀርልዎትም ብዬ ጽፌልዎት ነበር። አሁን ሁሉንም መለስኩልዎት። ደስ ይበልዎት።


ጥር 29

ለወንድሜ ልጅ፣

ሠላሳዎቹንም እቀበላለሁ። ሥራ ጀምሬያለሁ። ከስምንቱ ጋር ተነጋግሬአለሁ።

ሌላ የምነግርሽ አለ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጉልበትሽን አስገዝቼዋለሁ። ፈትቼዋለሁ። ከፈታሁት በኋላ መልሼ ገጥሜ ማሽን ላይ አሰርኩት። ማሽኑ ከአሮጌ የልብስ ስፌት ሞተር የሠራሁት ነው፤ ጉልበት እያጠፈ ይዘረጋል፣ ይቆጥራል። ሰው በወራት የሚራመደውን በሳምንት ይራመዳል። ያሰብኩት ሲሰበር አይቼ ልስቅ ነበር። ታኅሣሥ 24 ቀን ቆጣሪው ሁለት መቶ ሺህ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ፒኑ ተሰነጠቀ። ጎድጎድ ያለው ቦታ ማዕዘኑ ስል ነው፤ ክብ አድርገሽ ብትሞርጂው ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ሥዕልም ሠርቼበት ነበር። ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ብልክልሽ ገዝቼ መፍታቴን ታውቂያለሽ ብዬ ነው። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለት ነገር እንዲሰበር ፈልጌ ነበር። ሰው ላይ እንዲሰበር አልፈለግኩም። ግን ሰው ላይ ካልሆነ የት ይሰበራል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ከዚያ «ምንም አላየሁም» ብዬ ጻፍኩልሽ።

ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ለመምህሩ ነገርኩት።

«ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአንድ ወር ገደማ በፊት።»

«እኔ የቤተሰባችሁን ጠብ የምትሞክሩብኝ ሜዳ ነኝ እንዴ?» አለ። ቀጥሎም «እባክዎ ይውጡልኝ» አለ። ወጣሁ።

ሚስቴ ከትናንት ወዲህ አላናገረችኝም። ይቅር በዪኝ ልልሽ አልተቀመጥኩም፤ እንድታውቂ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 2

አንተ፣

ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ያልኩህን መልስልኝ ብልህ ከየት ታመጣዋለህ?

ደብዳቤህን መምህሩ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ «ውሸት ነው» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሮ ነርሷ መጥታ አየችኝ። አባቴን አውቀው ነበር፣ ወንድምህን። እሱ ተጣልቶ ያውቃል፣ ተሳድቦም ያውቃል፣ ሰው ገደል ሊገባ ሲል አይቶ ግን ዝም አይልም ነበር። የፒኑን ማዕዘን አለማለስለስ የእኔ ጥፋት ነው፤ እሱን ለማንም አላካፍልም። ዝምታው ግን ያንተ ነው። ብቻህን ተሸከመው።

አሁን ስማኝ። እኔም ያንተን ጉልበት አስመጥቻለሁ፤ ያመጣልኝ ሲያደርገው የነበረ ሰው ነው። ትናንት ፈታሁት። ዘይቱን የሚዘጋው ጎማ በብርድ ይደርቃል። ጠዋት ከቤት እንደወጡ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ጉልበቱ ድንገት ይለቃል። ለእነዚያ ሠላሳ ሰዎች ከመስጠትህ በፊት ጎማውን ቀይር። ያየሁት ትናንት ነው፣ የጻፍኩልህ ዛሬ ነው። እንዲህ ነው የሚደረገው።

ወርክሾፔን አልዘጋም። ያንተን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ መዝጋት አስጠላኝ። በየወሩ አንድ ጉልበት እልክልሃለሁ። ማንም ሰው ሳያደርገው በፊት አንተ ጋ ይመጣል። ማሽንህ ላይ እሰረውና ስበረው። እንዴት እንደተሰበረ በሳምንት ውስጥ ጻፍልኝ። ያንተንም ላክልኝ፣ እኔም እንዲህ ያለ ማሽን ሠርቼ እሰብረዋለሁ። አጎት አለኝ ብዬ አይደለም የምልክልህ። የእኔን ሥራ ስሕተት እንዳንተ ጓጉቶ የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ ስለሌለ ነው።

ሰላምታ አትጻፍ።


መጋቢት 11

ተሰበረ። ፒኑ ደህና ነው፤ መቆለፊያው ላይ ያለው ሞላ ተዳክሞ ሰባተኛው ቀን ላይ መያዝ ተወ። ሥዕሉ ከኋላ አለ። እንዲህ ያለ ሞላ የአይጥ ወጥመድ ላይ እንኳን አይገጠምም።

ጎማውን ቀይሬያለሁ። ልክ ነበርሽ።


ግንቦት 6

ያንተም ተሰበረ። የዘይቱ በርሜል ከሥር ተሰንጥቋል፣ ብየዳህ ችኮላ ነው። ደግሞ ውስጡ የእኔ መቆለፊያ አለ። ገመድህ የት ሄደ?


ግንቦት 19

ገመዱን ጣልኩት። ያንቺ የመጨረሻው ጉልበት ውስጥ ደግሞ የእኔ ዘይት አለ። ሌባ ሌባን አይከስም። እሱም ተሰበረ፤ ሦስት ቦታ። እያንዳንዱን ጽፌልሻለሁ።


ጥቅምት 14

በሐምሌ መጨረሻ የላክሽው ጉልበት አልተሰበረም።

አሥራ አንድ ሳምንት ታሰረ። ቆጣሪው ሁለት ሚሊዮን አልፏል። በውኃ አጠብኩት፣ አሸዋ ነሰነስኩበት፣ በረዶ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። መቶ ሃያ ኪሎ ጫንኩበት። ፈትቼ በማጉያ አየሁት። ምንም አላገኘሁም።


ጥቅምት 20

«ምንም አላየሁም» የሚል ደብዳቤ ከአንተ ከዚህ በፊት ደርሶኛል።

ልታሞኘኝ እየሞከርክ ነው አላልኩም። ልመንህ ብልም ግን አልቻልኩም፤ ሦስት ቀን ሞከርኩ። መምህሩ ከክራንች ለመውጣት ይህን ጉልበት እየጠበቀ ነው፤ እኔ ደግሞ ባንተ ቃል ላይ ላቆመው አልችልም። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ማሽኑ ሲሠራ በዓይኔ አያለሁ። ቤት አልገባም፤ ምሳዬን ይዤ እመጣለሁ። እትዬ እንዳትደግስ ንገራት።


ታኅሣሥ 5

ለወንድሜ ልጅ፣

ሳትጠይቂኝ ስለምጽፍ ይህን ባታነቢው አልቀየምም።

ያን ሰኞ ስትገቢ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥሽበትን በርጩማ ትተሽ በር አጠገብ ያለችውን የደንበኛ ወንበር መረጥሽ። ማሽኑን አስነሣሁት። ቆጣሪውን ራስሽ ወደ ዜሮ መለስሽ። ሰኞና ማክሰኞ ያ ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዋልን። «ውኃ ልስጥሽ?» አልኩሽ፤ «ይዣለሁ» አልሽ። ማክሰኞ «ክብደቱን ጨምር» አልሽኝ፤ ጨመርኩ። ሚስቴ በመስኮት እያየች ስታለቅስ እንደነበር አላየሽም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ያ ድምፅ ሲሰማ ሁለታችንም ብድግ አልን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ተሰበረ፣ አንቺም አላሸነፍሽም፣ እኔም አልዋሸሁም ብዬ ነው። ቀድመሽኝ ደረስሽ። ጎንበስ ብለሽ አየሽና «ኩሽኔታው ነው» አልሽ። የተሰበረው የእኔ ማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነበር። ጉልበቱ እንደታሰረ፣ አንድም ነገር ሳይሆን ቆሟል። ያን ጊዜ ሳቅሽ። ወዲያው አፍሽን ያዝሽ፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ፣ ሚስቴም ሰምታለች።

ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልለሽ ስትወጪ ለሚስቴ በሩ ላይ «ይቅር አላልኩትም በይው» ብለሻታል። ነግራኛለች። ገብቶኛል።

ባለፈው ሳምንት በመምህሩ ትምህርት ቤት በኩል ማለፍ ነበረብኝ። ነበረብኝ ያልኩት ለሰው ነው፣ አውቄ ነው የሄድኩት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከወረቀት መሸጫው ሱቅ ሥር ቆምኩ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ወጡ፣ እሱም ከኋላቸው። ሁለቱም እጆቹ በተጠቀለሉ ካርታዎች ተይዘዋል። የውጭውን ደረጃ ሲወርድ ከአንዲት ልጅ ጋር እየተከራከረ ነበር፤ እግሩን አላየም። እኔን አይቶኝ እንደሆነ እንጃ። ቢያየኝም ሰላም አላለኝም። ልክ ነው።

እዚህ የሚመጡ ደንበኞቼ ሁሉ ያንቺን ጉልበት ይጠይቁኛል። ከወር በላይ ተከራከርኳቸው። አሁን አድራሻሽን እሰጣቸዋለሁ።

ማሽኑን እንደ አዲስ እየሠራሁት ነው፣ በሁለት ሞተርና በትላልቅ ኩሽኔታ። ከቀድሞው የከፋ ነው፤ ወደ ጎንም ይጠመዝዛል። ወደ ጎንም የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት እንደጀመርሽ የዐውደ ርዕዩ ሰዎች ነግረውኛል። ሥዕሉን አላየሁትም፤ ግን ገና ከወሬው አንድ ጥፋት ይታየኛል። የጀመርኩት እኔም አለኝ፣ ያንቺን እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

ሲያልቅ ላኪው። እሰብረዋለሁ።